ዘፋኙ ሳይመጣ ሲቀር
ከመድረክ ጀርባ ስለሚፈጠር እንከንና ስለሚወልደው ዜማ

የሙዚቃ ታዳሚ የሚያየው መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ያለውን ነው። ከመጋረጃው በስተጀርባ ግን ሌላ ዓለም አለ። ክሩ የተበጠሰ ማሲንቆ፣ ድምፁ የተዘጋ ድምፃዊ፣ መንገድ ላይ የቀረ ከበሮ መቺ፣ በክፍያ ተጣልቶ «አላጅብም» ያለ ተቀባይ፣ ሁሉም የዚያ ዓለም የዘወትር ገጠመኞች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ችግሮች ምሽቱን አበላሽተው ያልፋሉ፤ ከአዘጋጁ በቀር የሚያስታውሳቸውም የለም። አንዳንድ ጊዜ ግን አዲስ ድምፃዊ፣ አዲስ ድምፅ፣ አልፎ አልፎም አዲስ የዘፈን ዓይነት ትተው ይሄዳሉ።

ስለ እንዲህ ያሉ ምሽቶች የሚነገሩ ታሪኮች በእኛም በሱዳናውያን ወዳጆቻችንም ዘንድ እጅግ ይወደዳሉ። አነጋገራቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። «ዕድል ነው»፣ «እንጀራው ሲወጣለት ነው»፣ «አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው» ይባላል። ይህ አነጋገር የታሪኩን ግማሽ ይሰውራል የሚል እምነት አለኝ። እንከን በራሱ ዜማ አይወልድም። የሚወልደው እንከኑ ሲመጣ እዚያ ቆሞ የተገኘው ሰው ያካበተው ነገር፣ የአድማጩም ትዕግሥት ነው። ይህን ለማሳየት በሦስት ከተሞች የሆኑ ሦስት ሌሊቶችን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦምዱርማን፣ 1920

ከካርቱም ድልድዩን ተሻግረን እንጀምር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኦምዱርማን ሠርጎች ላይ የነገሠው የጠናብራ ዘፈን ነበር። ጠናብራ የሚባሉት አጃቢዎች ናቸው። ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ቃል የሌለው፣ ከሪር የሚሉትን ሻካራ ድምፅ እያሰሙ በጭብጨባና በእግር ምት ዘፈኑን ይሸከሙታል። ዘፋኙ በዚያ ድምፅ ላይ ጥቂት ስንኞች ጣል ያደርጋል። የቤቱ ምሰሶ የአጃቢዎቹ ጉሮሮ ነበር ማለት ይቻላል።

የሱዳን ዘፈን ታሪክ ጸሐፍት እንደሚተርኩት፣ በ1920 በኦምዱርማን በተደረገ አንድ ሠርግ ላይ ጠናብራዎቹ አድመው «አናጅብም» አሉ። ሠርግ ነውና እንግዳን «ነገ ተመለስ» ማለት አይቻልም። የምሽቱ ዘፋኝ ሙሐመድ አሕመድ ሱሩር ነበር። ገጣሚው ኢብራሂም አል ዐባዲ ያለ እነሱ እንዲዘፍን መከረው፤ ሱሩርም ዘፈነ። ዛሬ ሐቂባ በመባል የሚታወቀው፣ የሱዳን የከተማ ዘፈን መሠረት የሆነው የአዘፋፈን ስልት የተነሣው ከዚያ ሌሊት እንደሆነ ይነገራል። ስሙ ራሱ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1940 የተቋቋመው የኦምዱርማን ራዲዮ በ1950ዎቹ እነዚህን የቆዩ ዘፈኖች «ከኪነት ቦርሳ» በሚል ርእስ በተከታታይ ሲያሰማ፣ ሐቂባ ማለትም ቦርሳ የሚለው ቃል የዘፈኑ ስም ሆኖ ቀረ።

ልብ ልንለው የሚገባው የአጃቢው ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደ ቀረ ነው። የቀረው ቃል ነው። ጉሮሮው ዝም ሲል ግጥሙ ተሰማ። እስከዚያ ድረስ የጭብጨባው ማረፊያ የነበረው ስንኝ ራሱ የዘፈኑ አካል ሆነ። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት እነ አል ዐባዲ፣ እነ አቡ ሰላህ፣ እነ ዑመር አል በና፣ እነ ኸሊል ፈረህ ረጅምና የተዋበ ግጥም እየጻፉ ለዘፋኝ የሰጡት፣ ቃሉን የሚሸፍን ነገር ስላልነበረ ነው። ተቀባዮቹም ቢሆኑ በሌላ መልክ ተመለሱ። በሪቅና በጭብጨባ ታጅበው የዘፋኙን ቃል ተቀብለው የሚደግሙ ሆኑ፤ ቃል አልባው ከሪር ቦታውን ለአዝማች ለቀቀ።

ታዲያ ሐቂባን የወለደው አድማው ነውን? አይመስለኝም። አድማው ያደረገው ነገር ቢኖር የተከደነውን መግለጥ ነው። ሱሩር ብቻውን ሌሊቱን የሚሸከም ድምፅና በቃሉ የያዘው ግጥም ባይኖረው፣ ገጣሚው ከአጠገቡ ባይቀመጥ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰባሰበው የኦምዱርማን ሕዝብ ግጥም የሚወድ ባይሆን፣ ያ ሠርግ «ዘፈን የጠፋበት ሠርግ» ተብሎ ይተረት ነበር እንጂ የታሪክ ምዕራፍ አይሆንም ነበር።

አዲስ አበባ፣ 1962

ሁለተኛው ሌሊት ከኛው ቤት ነው። በአዲስ አበባ አሪዞና የሚባል የምሽት ክበብ ነበር። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ባልደረቦች ከሥራ በኋላ የሚሰበሰቡበት፣ እየተጫወቱም የሚያመሹበት ቤት ነው። በዚያ ቤት ልዩ ልዩ የጉልበትና የጥገና ሥራ የሚሠራ፣ ከዚያ ቀደም ሊስትሮ የነበረ አንድ ወጣት ነበር። ዛሬ ጋሽ ማሕሙድ የምንለው ማሕሙድ አሕመድ ነው። በ1962 አንድ ምሽት የባንዱ ዘፋኝ ሳይመጣ ቀረ። ወጣቱ ጥቂት ዘፈኖች እንዲዘፍን ፈቃድ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። ብዙም ሳይቆይ የኦርኬስትራው መደበኛ ድምፃዊ ሆነ፤ እስከ 1974ም አብሮ ቆየ። ከዚያ በኋላ የመጣውን አንባቢ ያውቀዋል። በ1975 የቀረጸው «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅየም እንደገና ታትሞ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ለአውሮፓ ጆሮ ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

ይህ ታሪክ በየጊዜው በጋዜጣና በራዲዮ ተነግሯል። ሲነገር ግን ክብደቱ ሁልጊዜ የሚያርፈው በቀረው ዘፋኝ ላይ ነው፤ «ያ ሰው ባይቀር ኖሮ» ይባላል። ይልቅስ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። ከወለል ጠራጊነትና ከጥገና ሥራ የተጠራ ወጣት ከአገሪቱ አንጋፋ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ እንዴት አልወደቀም? መልሱ ከመድረክ ጀርባ ነው ያለው። የክበብ ሠራተኛ ዘፈኑን የሚሰማው አንድ ጊዜ አይደለም፤ በየምሽቱ ነው። ታዳሚው ሲሰማ የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ የሚያጫውተውንም ሰው ያስባል። የሚሠራው ሰው ግን መግቢያውን፣ ማረፊያውን፣ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ሳይቀር በጆሮው ያጠናል። ማሕሙድ ያን ምሽት ለመድረኩ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ለዘፈኑ ግን እንግዳ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበር፤ የቀረው ዘፋኝ ያደረገለት የፈተናውን ቀን መወሰን ብቻ ነው።

ለሙዚቀኞቹም ምስጋና ይገባል። አንድ የጉልበት ሠራተኛ «ልሞክር» ሲላቸው «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» ማለት ይችሉ ነበር። አለማለታቸው የታሪኩ ሌላኛው ግማሽ ነው። ደረጃና ማዕረግ በሚከበርበት ወታደራዊ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ያደጉ ሰዎች፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ በሚጫወቱበት ቤት ያን ማዕረግ ለአንድ ምሽት ዘነጉት። እንዲህ ያለ ላላ ያለ ሰዓትና ቦታ ባይኖር ኖሮ እንከኑ እንከን ሆኖ ይቀር ነበር።

ኮሎኝ፣ 1975

ሦስተኛው ሌሊት ከእኛ ራቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን በዝርዝር ስለተመዘገበ ይጠቅመናል። አሜሪካዊው ፒያኒስት ኪት ጃሬት ጃንዋሪ 24 ቀን 1975 በጀርመን አገር በኮሎኝ ኦፔራ ቤት ብቻውን ሊጫወት ተቀጠረ። አዘጋጇ ቬራ ብራንደስ የምትባል ገና ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ወጣት ነበረች። ጃሬት የጠየቀው ትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ነው፤ መድረኩ ላይ የተገኘው ግን ለልምምድ የሚያገለግል ትንሽ ፒያኖ ሆነ። ቅኝቱ የተዛባ፣ ላይኛው ድምፁ የሳሳ፣ ታችኛው ጉልበት ያጣ፣ መርገጫዎቹም በደንብ የማይሠሩ ነበር። ሰውየው ጀርባውን ታሞ፣ ከጉዞ ደክሞ ነው የመጣው። «አልጫወትም» ብሎም ነበር፤ በልመና ተመለሰ።

የዚያ ሌሊት ቅጂ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሰምቶ ለመረመረው ሰው ሙዚቃው የፒያኖውን ድካም ይዞ ነው የተሠራው። የሳሳውን ላይኛ ድምፅ በመሸሽ መካከሉ ላይ ይቆያል። ታችኛው ድምፅ ጉልበት ስለሌለው፣ ግራ እጁ አንዱን ሐረግ እየመላለሰ ይመታል፤ ከዚህ መመላለስ የተነሣ ሙዚቃው እንደ መዝሙር፣ እንደ ሽብሸባ የሚወዘውዝ ሆነ። ይባስ ብሎ የመክፈቻው ሐረግ ታዳሚውን ወደ ወንበሩ የሚጠራውን የኦፔራ ቤቱን ደወል የሚመስል ነው፤ አንዳንድ አድማጮች ደወሉን ለይተው ሲስቁ በቅጂው ላይ ይሰማል። ከአዳራሹ ውጪ ሊቀር የነበረ ድምፅ የሙዚቃው በር ሆነ።

የጃዝ ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጀራልድም በፌብሩዋሪ 1960 በበርሊን «ማክ ዘ ናይፍ» የተባለውን ዘፈን ስትዘፍን መካከሉ ላይ ግጥሙ ጠፋባት። አላቆመችም፤ መርሳቷን ራሱን ግጥም አድርጋ፣ እየቀለደች፣ ቃል እየፈጠረች ጨረሰችው። ያ ቅጂ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። የጎንደርን ወይም የወሎን አዝማሪ የሰማ ሰው በዚህ ብዙ አይደነቅም። የእኛ አዝማሪ በየምሽቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነውና።

«በእግር» መዝፈን

በሁለት ቋንቋዎች መካከል የሚኖር ተርጓሚ አንዳንድ ጊዜ ከሙዚቃ መጽሐፍ ያላገኘውን ከመዝገበ ቃላት ያገኛል። ዐረብኛው ሳይዘጋጁ መናገርን ወይም መግጠምን «ኢርቲጃል» ይለዋል። ሥሩ ሪጅል፣ እግር ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፤ በቆመበት፣ በእግሩ ላይ እንዳለ ተናገረ እንደ ማለት ነው። የእኛ የቅኔ ቤት ደግሞ «ዘረፋ» ይለዋል፤ ሊቁ ቅኔ «ይዘርፋል»። ዐረብኛው ያየው የሰውየውን አቋም ነው፤ አማርኛው ያየው ድፍረቱንና ፍጥነቱን ነው።

ነገር ግን የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ከዘረፋ በፊት ሌላ ነገር አለው። ተማሪው በመጀመሪያ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ጫካ ወይም ገደል ሥር ተቀምጦ ቃል ከቃል ያጋጥማል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ይህን ለዓመታት ሲደጋግም ከኖረ በኋላ ነው በጉባኤ መካከል ቆሞ የሚዘርፈው። ያልቆጠረ አይዘርፍም። ይህ ሥርዓት ከላይ ያየናቸውን ሦስት ሌሊቶች በአንድ ቃል ይገልጻቸዋል። ሱሩር በየሠርጉ፣ ማሕሙድ በአሪዞና ጓዳ፣ ጃሬት በልጅነቱ ከጀመረው የፒያኖ ትምህርት ጀምሮ ቆጥረው ነበር፤ ያ ሌሊት የዘረፋ ሌሊት ሆነላቸው።

አዝማሪው ደግሞ እንከኑን እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ራሱ ይጋብዘዋል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ያልታሰበ ስንኝ ይወረውርበታል። ስንኙ የተሰበረ ሊሆን ይችላል፤ ስድብም ሊሆን ይችላል፤ ቤት የማይመታም ሊሆን ይችላል። አዝማሪው ይቀበለዋል፤ ያቃናዋል፤ አንዳንዴም በወርቁ መልሶ ባለቤቱን ይወጋበታል። እንዴት ጊዜ ያገኛል? ማሲንቆው ይሰጠዋል። በስንኝና በስንኝ መካከል የሚመላለሰው የማሲንቆ ሐረግ ለአድማጩ ጌጥ ነው፤ ለአዝማሪው ግን የማሰቢያ ሰዓት ነው። የጃሬት ግራ እጅ ያደረገውም ይኸው ነበር። ዐውቆ የተተወ ክፍት ቦታ ያለው ሙዚቃ እንከንን ማስተናገድ ይችላል፤ ከዳር እስከ ዳር የተሞላ ሙዚቃ ግን አይችልም።

የቅኝታችን ነገርም ሊታሰብበት ይገባል። ዋናው ትዝታና አብዛኛው የማዕከላዊ ሱዳን ዘፈን በአምስት ድምፅ የተሠሩ፣ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ የሌለባቸው ናቸው። ስለዚህ ዘፈኑን በቅጡ የማያውቅ ተጫዋች ዘግይቶ ቢገባ እንኳ እርስ በርሱ የሚጋጭ ድምፅ የማሰማት ዕድሉ ጠባብ ነው። መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ በኢትዮጵያ የተወደዱት፣ የእኛም ዘፈኖች በሱዳን ሠርግ የሚዘፈኑት በዚህ ዝምድና ጭምር ነው። አጃቢ ሲቀር ጎረቤት ተጠርቶ የሚተካበት ሙዚቃ ነው ያለን።

የማይሳሳተው መሣሪያ

እንግዲህ ጥያቄው ወደ ዛሬው ይመጣል። በእኛ ኪቦርድ፣ በሱዳኖቹ ኦርግ የሚባለው መሣሪያ ከመጣ ወዲህ በዴምም ሆነ በጅሬፍ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር የሠርጉ ባንድ ወደ ሁለት ሰው ወርዷል። አንዱ ይዘፍናል፤ ሌላው ቁልፍ ይጫናል። ምቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ተቀምጧል። ከዚያም አልፎ ድምፁ ሳይቀር ተቀርጾ፣ ዘፋኙ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስበት ፕሌይባክ አለ። ይህን ሁሉ ማውገዝ ቀላል ነው፤ ትክክልም አይደለም። ኦርግ ዋጋው ቀላል ነው፤ በስደት ላለ ማኅበረሰብ ስድስት ሙዚቀኛ ማጓጓዝ የማይቻል ነው። ብዙ ሠርግ ያለ እሱ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር።

የማቀርበው ወቀሳ ሌላ ነው። ይህ አሠራር እንከንን ያስወገደ መስሎ፣ እንከንን ማስተናገድ የሚችለውን ሰው ነው ያስወገደው። የተቀዳው ምት ዘፋኙ ቃል ሲጠፋው አይጠብቀውም። ከታዳሚ «ተቀበል!» የሚል ቢነሣ መግቢያ ቀዳዳ የለም። አንድ አዲስ ልጅ ከጓዳ ወጥቶ «ልሞክር» ቢል ቅኝቱን የሚያስተካክልለት፣ ዓይኑን አይቶ ፍጥነቱን የሚያበርድለት ሙዚቀኛ የለም። ችግር የሚፈጠረው አንድ ጊዜ ነው፤ ሲፈጠርም ሁሉም ይቆማል። በካርቱም የበጋ ሌሊት መብራት ሲጠፋ የነበረውን የምታስታውሱ አንባቢያን ይህን ታውቁታላችሁ። መሣሪያው ድንገት ዝም ይላል፤ ዘፋኙ የሞተ ማይክሮፎን ይዞ ይቀራል።

ዝምታውን ሲሰብሩት የኖሩት ግን ሴቶች ናቸው። በሱዳኖቹ በኩል ዳሉካ የሚባለው የሸክላ ከበሮ፣ በእኛ በኩል ከበሮና ጭብጨባ ይነሣል፤ እልልታው ይከተላል። ለሙሽራዋ፣ ለአማቷ፣ ለጠፋው መብራት ሳይቀር ወዲያው ስንኝ ይወጣል። በሱዳን የሴቶች ዘፈን እንደ ዝቅተኛ ጥበብ ሲታይ ኖሯል፤ በእኛም ዘንድ የሰርገኛ ዘፈን በኪነ ጥበብ ገጾች ላይ ቦታ አግኝቶ አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ መለኪያ ግን እነዚህ ሴቶች ከፊት ረድፍ የሚቀመጡ ናቸው። ከመድረክ ጀርባ የሚባል ቦታ የላቸውም፤ ሁሉም ነገር በታዳሚ ፊት ነው። የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚያው ነው።

እንከን ያልሆነው

እዚህ ላይ አንድ ወሰን ማበጀት ያስፈልጋል። «ችግር ጥበብን ይወልዳል» የሚለው አነጋገር በዚህ ከተማ ስም ሲነገር ጥንቃቄ ይሻል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ከመድረክ ጀርባ የሚፈጠር እንከን አይደለም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ድምፃዊቷ ሻደን ገርዱድ በኦምዱርማን በተኩስ ልውውጥ መካከል ተገድላለች። የኦምዱርማን ራዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ እስከ ማርች 2024 ድረስ የጦር ግንባር ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉ ሙዚቃ ወዳዱ የሐቂባ ዘመን ድምፆች የተቀመጡበት መዝገብ ምን ሆነ እያለ ሲጨነቅ ቆይቷል። በዴምና በጅሬፍ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ወደ መተማ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ሌላም ተበትነዋል። ከዚህ መከራ ዘፈን ይወጣ ይሆናል፤ ወጥቷልም። ነገር ግን ዘፈኑ የመከራው ካሳ ነው፣ ወይም ፍሬው ነው ብሎ መናገር ነውር ነው።

ልዩነቱ ቀላል ነው። እንከን ሰዎቹን በቦታቸው ትቶ አንድ ነገር ይወስዳል፤ አጃቢውን፣ ዘፋኙን፣ ደህናውን ፒያኖ። ጦርነት ሰዎቹንና ቦታውን ነው የሚወስደው። ሱሩር አጃቢ ሲያጣ ገጣሚው ከአጠገቡ ነበር፤ ሠርገኛውም ሊሰማ ተቀምጧል። እነሱ ባይኖሩ ዘፈኑ የት ይወለድ ነበር? ስለዚህ ወደ ካርቱም የተመለሱትም ሆኑ በየአገሩ ያሉት ወገኖቻችን አሁን ሊያስቡበት የሚገባው መሣሪያው አይመስለኝም። መሣሪያ ይገዛል። የሚያስፈልገው አብሮ የሚያመሽ ቤት፣ ከጓዳ ሆኖ የሚሰማ ልጅ፣ «ልሞክር» ሲባል «እሺ» የሚል ሙዚቀኛ ነው።

ጥያቄዬ ለድምፃውያን ብቻ አይደለም፤ ለደጋሾችም ነው። የሚቀጥለው ሠርግ ወይም የእንቁጣጣሽ ምሽት ሲዘጋጅ፣ ከፕሮግራሙ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ኦርጉ ይዘጋ። አንድ ማሲንቆ፣ ካልተገኘም አንድ ከበሮ ይቅረብ። ከታዳሚው የፈለገ ስንኝ ይወርውር። አንዳንዱ ይበላሻል፤ ሳቅም ይሆናል። ከዚያ መካከል አንድ ልጅ ተነሥቶ ያልታሰበ ነገር ቢያሰማ ግን «ዕድል ነው» ብለን አንለፈው። ማን እንዳስጠናው፣ የት ሆኖ ሲሰማ እንደኖረ እንጠይቅ።